ኮርቻውን አራት ጣት ከፍ ያደረግሁ ዕለት

ያን ቀን የነበርነው አምስት ነን። ስም አልጠራም፤ የሚያውቁን ያውቁናል።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ አሶሳ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ባለች በረንዳ ላይ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሁለተኛው በዚያችው በረንዳ ሌላኛው ጫፍ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሦስተኛው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ የባምባሲ ልጅ፣ ተሳፋሪ ሲጠፋ በረንዳችን ፊት ቆሞ ሁላችንንም ሲተርብ የሚውል። አራተኛው ደንበኛዬ ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ማዶ የሚኖር፣ ማንጎ የሚያለማና የሚሸጥ ገበሬ። አምስተኛዋ ልጁ ናት፤ አንደኛ ክፍል። እሷን ያየኋት ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ ነው። አስቀድሜ አይቻት ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ብስክሌትን ለሰው መለካት ያስተማረኝ ሰው የለም። ኔትወርክ ደህና በሆነ ሰዓት በስልኬ ቪዲዮ እያወረድኩ፣ ቋንቋው ባይገባኝም እጃቸው የሚሠራውን እያየሁ ተማርኩ። ኮርቻው ዝቅ ሲል ጉልበት ይጎዳል። መሪው ሲርቅ ወገብ ያማል፣ እጅ ይደነዝዛል። ፔዳሉ ፊትና ኋላ እኩል ሲቆም ከጉልበት ጫፍ የተንጠለጠለ ቱምቢ የፔዳሉን መሃል መንካት አለበት። ቱምቢ ከግንበኛ ተውሼ፣ ውሃ ልክ ገዝቼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በራሴ ብስክሌት ላይ ሞከርኩ። የራሴ ጉልበት ዳነ። ሆኖም ጎማ ለማስለጠፍ እንጂ ለዚህ ሥራ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም።

እሱ፣ ባለማንጎው፣ መጣ።

«ወንድሜ ልጅ ነገረኝ» አለ። «አንተ አጀላ ከሰው ጋር ያስማማል አለኝ።» ብስክሌትን አጀላ ነው የሚለው፤ በአማርኛው ሴትና ወንድ፣ አንተና እሱ ይቀላቀላሉ። «ጉልበቴ ይመታኛል። ሌሊት አትተኛም፣ ወላሂ። እጄም ይሞታል።»

«እርስዎ በቀን ምን ያህል…» ብዬ ስጀምር እጁን አነሳ።

«አንተ በለኝ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

ሳቅን፤ እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የሰው ጎማ ብታበላሽ ጎማ ነው። ይሄ ጉልበት ነው። ደብተሬ ላይ የጻፍኳቸው ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፤ የት ያምሃል፣ መቼ ያምሃል፣ በቀን ምን ያህል ትሄዳለህ፣ ሜዳ ነው ቁልቁለት፣ ምን ዓይነት ጫማ ታደርጋለህ፣ የተሰበረ አጥንት አለህ ወይ። በየተራ ጠየቅሁት፣ በየተራ መለሰ። ቁልቁለት አለ፤ ከከተማ ወደ ቤቱ ሲመለስ። ሰባተኛ ጥያቄ አልነበረኝም። እኔ ደግሞ ከተጻፈው ውጭ ሰውን መጠየቅ አይሆንልኝም።

በረንዳው ፊት ለፊት ወዲያና ወዲህ እንዲነዳ አድርጌ በስልኬ ቀረጽኩት። ጉልበቶቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ነበር፤ ፔዳል በረገጠ ቁጥር እንደ በር ይከፈታሉ። ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሏል፣ ወደ ኋላም ተገፍቷል። ሲያቆም ፍሬን አይዝም፤ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ጎትቶ ነው የሚያቆመው። ቪዲዮዎቹ ላይ ያየሁት ስህተት ሁሉ አንድ ብስክሌት ላይ ተሰብስቦ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ብስክሌቱን ጥሎልኝ በእግሩ ሄደ። ያን ማታ ጋሼ ለቅሶ ሄደው በረንዳው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ፍሬኑን አጠበቅሁ፣ ጎማዎቹን ቀየርኩለት፣ ካቴናውን አጠብኩ። ከኮርቻው እስከ መሪው በሚሄደው ብረት ላይ በውስጥ ጎማ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ የቆሸሸ ጨርቅ ነበር። ጉልበቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ይህ ነው ብዬ ፈትቼ ጨርቅ መጣያዬ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት። ከታች ደግሞ አግድም የታሰረ አጭር ቀርከሃ አለ፤ ዘንቢል ማንጠልጠያ መሰለኝ። ከእግሩ ጋር ስለሚጋጭ እሱንም ቆርጬ አወጣሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ቪዲዮው ላይ የእግር ርዝመት የሚለካው ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ፣ በሁለት እግሮቹ መሃል መጽሐፍ ወደ ላይ ተገፍቶ ነው። ጀለቢያ የለበሰ የትልቅ ሰው እግር መሃል መጽሐፍ ልከት? መጽሐፉን ይዤ ቆምኩ።

ጋሼ ከመኪናቸው ቀና አሉ። «ምን ሆነህ ነው እንደ ተማሪ መጽሐፍ ታቅፈህ የምትገተር? የሱሪ ልክ አይደል የምትፈልገው? ዘወር በል! እኔ ስለካ ሙሽራም አይፈራኝ።» ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በሁለት እጅ እንቅስቃሴ ለክተው ቁጥሩን ነገሩኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

«አቦ፣ ለብስክሌት ነው ኮት የምታሰፉለት?» አለ ባለባጃጁ። «የእግር ገምባሌም ጨምሩለት!»

ኮርቻውን አራት ጣት ከፍ አደረግሁት። ሁለት ጣት ወደ ፊት ሳብኩት። ቱምቢውን ከጉልበቱ አንጠለጠልኩ፤ የፔዳሉን መሃል ነካ። ውሃ ልኩ ላይ ያለችው አረፋ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ዙር ነዳ፤ ጉልበቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሄዱ።

«ቀለለ!» አለ። «ወላሂ ቀለለ!»

ሊያቆም ሲል ግን ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ የጣቱ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የነካው። ሳቀ። «እግሬ መሬት ይፈልጋል።»

«ፍሬኑን ያዝ። ይለመዳል» አልኩት።

ከመሄዱ በፊት ባዶውን ብረት በመዳፉ ዳሰሰው። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር የሚናገር መስሎ ነበር፤ አልተናገረም። ብረቱን እንዴት አድርጌ እንዳጠራሁት እያደነቀ ነው ብዬ አሰብኩ። «አላህ ይስጥህ» ብሎ ሄደ።

ብዙም አልቆየ፤ የጋሼ መኪና ዘይት አንጠባጠበ። መጥረጊያ ፍለጋ ካርቶኔ ውስጥ እጃቸውን ከተቱና ያን ጨርቅ ይዘው ወጡ። አገላብጠው አዩት።

«ይቺን ማን እዚህ ጣላት?»

«ጨርቅ ናት፣ ጋሼ። ከሰውዬው ብስክሌት ላይ ያወጣኋት።»

«ጨርቅ ትለኛለህ? እኔ አይደለሁ የሰፋኋት! ጥጥ ከትቼ፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ። የልጁ መቀመጫ ናት።»

«የማን ልጅ?»

«የሱ ነዋ! ትንሿ። ጠዋት ብረቱ ላይ አስቀምጦ ያመጣታል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይወስዳታል። ዛሬ ብስክሌቱ እዚህ ስላደረ አዝሏት ነው ያለፈው። አላየሃትም? ኧረ ያረቢ!»

አላየኋትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ብረት እያቀናሁ ስለምቀመጥ መንገዱን ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምውለው።

ደብተሬን ገለጥኩ። ጉልበቱ የሚከፈተው ልጅቷ መሃል ስላለች ነው። ኮርቻው ወደ ኋላ የተገፋው ለእሷ ቦታ ለመልቀቅ ነው። ዝቅ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ሁለት እግሩን ለመትከል ነው። ቀርከሃው እግሯን የምታሳርፍበት ነው። ስህተት ብዬ በቁጥር የጻፍኩት ሁሉ እሷ ነበረች።

«ፍሬኑ ይሠራል?» አሉ ጋሼ።

«ይሠራል። አጥብቄዋለሁ።» እንዲህ እያልኩ ሰውዬው ሲያቆም ያየሁት ትዝ አለኝ። ፍሬኑን ላጥብቀው እንጂ እግሩ ይህን አያውቅም። ሲደነግጥ እግሩ ነው የሚቀድመው፤ እግሩ ደግሞ መሬት አያገኝም።

ስልክ ደወልን፤ ዝግ ነው። ሰዓቱ ስድስት አልፎ ነበር። ቁልፎቼን በከረጢት ሰብስቤ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ጋሼ የሚሰፉትን ቀሚስ መርፌው ላይ እንዳለ ትተው፣ መቀመጫዋን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ንዳ!» አሉት።

ባለባጃጁ ምንም አልቀለደም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ብቻውን ነበር። «አሁን ሄዱ» አለ በአገጩ ወደ ቁልቁለቱ እያመለከተ። «እንደውም ልጅቷ ቂጤን አመመኝ እያለች ነበር።»

የዚያን ቁልቁለት መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀይ አፈርና ጠጠር ነው፣ ግራና ቀኙ የማንጎ ዛፍ፤ መሃል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ማጠፊያው ጫፍ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። በዋዜማው ዘንቦ ነበር። እኔ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ መሬቱን አነብ ነበር። አንድ ቀጭን የጎማ ምልክት፣ ቀጥ ያለ። ከዚያ መወላገድ የጀመረ። ከዚያ ከምልክቱ በስተቀኝ አንድ ረጅም ጭረት፤ እግር መሬት ፈልጎ ጫፉን ብቻ ሲያገኝ የሚያወጣው ዓይነት ጭረት።

ማጠፊያው ላይ ብስክሌቱ ሳር ውስጥ ተጋድሟል። የፊት ጎማው ወደ ሰማይ ዞሯል። ቦዩ አፍ ላይ አንዲት ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ አለች፤ መዳፌን አታህልም። ሰው የለም።

ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አልሰማም። ቦዩ ውስጥ ለማየት ሦስት እርምጃ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አልሄድኩም። የመጣሁት ለማየት ነው፤ ማየቱን ግን ፈራሁ። ሄዶ ያየው ባለባጃጁ ነው። «የለም» አለ። «ማንም የለም።»

ያኔ ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ የልጅ ለቅሶ ሰማን። ልጅ ስታለቅስ ሰምቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አባትየው ተንበርክኮ አገጯን እያጠበ ነበር። የጀለቢያው ክንድ ተቀዶ ክርኑ ተልጧል። ልጅቷ ዩኒፎርሟ ላይ ደም አለ። ሲያዩን አባትየው ብድግ አለ፤ እንግዳ እንደመጣበት ሰው አፈረ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም። ወደቅን። እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም።»

ጋሼ የልጅቷን አገጭ በሁለት ጣት ቀና አድርገው በአንድ ዓይን አዩት። «አብሽሪ፣ የኔ እናት። ስፌት አይፈልግም። ስፌት የሚፈልገውን እኔ አውቃለሁ።»

«ማታ ካበጠ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ» አለ አባትየው።

እኔ ቀረብኩ። «መቀመጫዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጨርቅ መስሎኝ።»

«አየሁ» አለ። «ብረቱን ስነካ የለም። አንተ አዋቂ ነህ፤ ምክንያት አለው ብዬ ዝም አልኩ። ለምን አወጣህ ብዬ እንዴት ይጠይቃል?» ጉልበቱን ዳሰሰና ጨመረ፦ «ጉልበቴ ግን ዛሬ አልመታኝም።»

እየተሳለቀብኝ አልነበረም። ቢሳለቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ልጅቷን አዝለው ወደ ማጠፊያው ወጣን። አባትየው ብስክሌቱን አነሳና ልጅቷን በበርታኛ አንድ ነገር አላት። እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ በአማርኛ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ፣ «አልወጣም» አለች። አማርኛዋ ከአባቷ ይልቅ የተስተካከለ ነው፤ ትምህርት ቤት የለመደችው። «ከእንግዲህ አልወጣም። በእግሬ እሄዳለሁ።»

አባትየው ለጋሼ ሲናገር ሰማሁት፦ በእግር በእሷ እርምጃ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ እሱ ማንጎውን ጠዋት ገበያ ማድረስ አለበት፤ አብሯት ሊሄድ አይችልም፣ ብቻዋን አይለቃትም። ትምህርት የጀመረችውም ብስክሌቱ ከተገዛ ወዲህ ነው። ካልወጣች ትቀራለች። ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም።

ቁልፌን አውጥቼ ወደ ኮርቻው እጄን ዘረጋሁ።

«እሱ አይንካው!» አለች ልጅቷ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ባለባጃጁ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። አባትየው በቋንቋቸው ተቆጣት፤ ጋሼ ግን «ተዋት» አሉ። «እውነቷን ነው። ማን ይንካው ታዲያ፣ የኔ እናት?»

ወደ ጋሼ በጣቷ ጠቆመች።

«እኔ? ከመርፌ ሌላ ይዤ የማላውቅ?»

አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ እየነገርኳቸው ሠሩት። «የኮርቻውን ብሎን ወደ ግራ ይፍቱት፣ በቃ፣ አሁን ኮርቻውን ይጫኑት።» ዝቅ አደረጉት። ወደ ኋላ ገፉት። መቀመጫዋን ራሳቸው በከመነዳሪ ቁራጭ አሰሩ፤ እሱን ከእኔ ይልቅ አሳምረው ነው ያሰሩት። አባትየው ከመንገዱ ዳር ቀርከሃ ቆርጦ የእግሯን ማሳረፊያ መለሰ። ባለባጃጁ መሪውን ጨብጦ ይዞ፣ አባትየው ተቀምጦ፣ ልጅቷ በብዙ ልመና፣ እንዳይንቀሳቀስ አስምላን፣ ወጣች።

ያኔ ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያየሁት። አባትየው ሁለት እግሩን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ተክሏል። ጉልበቱ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ይህን ማንም አያስተካክለውም። እጁ የሚደነዝዘው ግን ለምን እንደሆነ ታየኝ። በእሷ ትከሻ ዙሪያ ክንዱን አስፍቶ ስለሚይዝ የእጁ አንጓ ይታጠፋል። «መሪውን ትንሽ ወደ ላይ ያዙሩት፣ ጋሼ። ትንሽ። የኮርቻውን አፍንጫ አንድ ጣት ዝቅ።» አባትየው ጣቶቹን ዘርግቶ ሰበሰበ። «ይሄ ጥሩ ነው» አለ።

«ብሎኑ ጠበቀ?» አልኩ።

«ጠበቀ።»

«እጅዎን እስኪያምዎት?»

«አመመኝ አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

የእሳቸውን «አመመኝ» እኔ አላውቀውም። የስፌት እጅ ነው። ሄጄ በራሴ እጅ ልሞክረው ፈለግሁ፤ ልጅቷ ታየኛለች። አልሄድኩም።

ከማጠፊያው ወደ ታች ይወርዳሉ ብዬ ነበር። አባትየው ግን ብስክሌቱን ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። «ከላይ ነው የምንወርደው» አለ። «ዛሬ ካልወረደ ነገ ይፈራል።»

«ዛሬ ይቅር» አልኩ። የሰማኝ ግን የለም። ባጃጁ ጋሼን ጭኖ ተከተላቸው፤ እኔም በእግሬ ተከተልኩ። ጫፉ ላይ አባትየው ጎንበስ ብሎ በልጅቷ ጆሮ ተናገረ፤ ረጅም ነገር ነው፣ በበርታኛ። እሷ ሰማች። መንገዱን አየች። ከዚያ እጇን ወደ ብረቱ ስትዘረጋ አየሁ። የመጨረሻ ያየሁት ይህን ነው።

ዞርኩ። የባጃጁን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ግንባሬን አስደገፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ብሎን ብቻ ነበር የሚታየኝ። ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ እየፈጠነ ሄደ። ከዚያ ማጠፊያው ጋ ሲደርሱ ይመስለኛል፣ ድምፁ ጠፋ። ምንም የለም። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ፤ ስንት ድረስ እንደቆጠርኩ አላስታውስም። «ወረዱ» አለ ባለባጃጁ። ዓይኔን ስከፍት መንገዱ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በበረንዳችን ፊት ያልፋሉ፤ እኔም አቀማመጤን ወደ መንገዱ አዙሬያለሁ። እሱ እጁን ያነሳልኛል። እሷ አታየኝም፤ አገጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ።

እንግዲህ ከጠዋቱ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ፣ በጣትም በቱምቢም የተለካውን፣ ጽፌያለሁ። ያችን ከጫፉ እስከ ወንዙ ያለችውን ቁራጭ ግን የለኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ከፊት ቆመው ነበር። አንተም የባጃጁ ወንድሜ «ወረዱ» ያልከው አይተህ ነው። ልጅቷ ምኗን ይዛ ነበር፣ መሪውን ነው የአባቷን ክንድ? ኮርቻው አልተንቀሳቀሰም? አባትየው ካልከፋው ደግሞ፣ በጆሮዋ ያላትን በሚችለው አማርኛ ይንገረኝ። ማጠፊያው ጋ ድምፁ ሲጠፋ ፍሬን ይዞ ነበር ወይስ እግሩን አውርዶ? ያየ ሰው ይጨምርበት።